ከቦኖ ቦኖ

ታሪካዊ ከተማን በአውቶቡስ የሚጎበኝ ሰው ሕንፃ ያያል። በአቧራ መንገድ ዳገት ወጥቶ፣ በተራራ ብስክሌት የሚደርስ ሰው ግን የሚያየው ቦኖ ነው። የደወሉ ማማ በስንተኛው ክፍለ ዘመን እንደ ተሠራ፣ ዓምዶቹን የትኛው ግንበኛ እንደ ጠረባቸው ኋላ ይደረስበታል። መጀመሪያ ውኃው የት ነው? ይወርዳል ወይስ ደርቋል? ጥላ አለው? ቁጭ ብለው ጫማ የሚያወልቁበት ድንጋይስ? እኔ ከማድሪድ በስተ ምሥራቅ ያለችውን አልካላ ዴ ኤናሬስንና ዙሪያ ገባዋን ያወቅሁት እንዲህ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች በየከተማው ላይ የምሰጠው ፍርድ የተጠማ ሰው ፍርድ መሆኑ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

መንገዱ ዞሮ ገጠም ነው። ከአልካላ ተነሥቶ በቪያልቢያና በኮርፓ አድርጎ ወደ ላይኛው ሜዳ ይወጣል፤ ኑዌቮ ባስታንን፣ ኦልሜዳ ዴ ላስ ፉዌንቴስን፣ ፔስዌላንና ሳንቶርካስን ያዳርስና ከሎስ ሳንቶስ ዴ ላ ኡሞሳ አፋፍ ቁልቁል ወርዶ እዚያው አልካላ ይገባል። 60 ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። አልካላ ከባሕር ወለል በላይ 590 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ ሜዳው ደግሞ ከ800 ሜትር በላይ። ልዩነቱ በወረቀት ሲያዩት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ችግሩ ሜዳው አንድ ወጥ አለመሆኑ ነው። ጅረቶቹ ቦርቡረው ሸንሽነውታል፤ ስለዚህ የወጡትን ይወርዳሉ፣ የወረዱትን መልሰው ይወጣሉ። ከመንደሮቹም ገሚሱ አፋፍ ላይ፣ ገሚሱ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

አስጎብኚዬ እዚያው አልካላ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ነው። እጁ ላይ ያሰራት ሰዓት የልቡን ምት፣ የዳገቱን ልክ፣ የሌሊት እንቅልፉን ሳይቀር ትቆጥርለታለች። «ጋሼ፣ አታስብ፤ መካከለኛ ናት» አለኝ ስልኩን እያሳየኝ። መንገዶቹን ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ ብለው መድበዋቸዋል። የመደቡት ሰዎች ግን ከምንና ከምን መካከል እንደሆነ አልጻፉም። በአንድ በኩል ቤት መቀመጥ፣ በሌላው በኩል የአስከሬን ምርመራ ካለ፣ እውነትም መካከል ነው።

እኔም የራሴ ስሌት ነበረኝ። ከ2300 ሜትር በላይ በሆነች ከተማ ተወልዶ ያደገ ሳንባ ወደ 800 ሜትር ሲወርድ አየር ይተርፈዋል። ስሌቱ አልተሳሳተም፤ ሳንባዬ አንዴም አላማረረም። ያማረሩት ጭኖቼ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ በአየር አይሠሩም።

የኔ ትውልድ ብስክሌት የተማረው በኪራይ ነው፤ በዙር። ሳንቲሙን ከፍሎ፣ ቁመቱ የማይደርስበትን የአዋቂ ሳይክል ተቀብሎ፣ በብረቱ መሀል እግሩን አሾልኮ፣ አጥሩን ዞሮ ይመለሳል። ባለቤቱ ጥግ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ዙሯ ከረዘመች ይሮጣል። ያቺ ሳይክል ፓራፋንጎ ነበራት፣ ደወል ነበራት፣ ካቴናዋ በየመቶ ሜትሩ ይወልቅ ነበር፤ ፍሬኗ የተከራዩ ጫማ ነው። አልካላ ላይ የተከራየናት ብስክሌት ግን ፓራፋንጎም ደወልም የላትም። ከፊት አንድ፣ ከኋላ 12 ማርሽ፣ ሁለት በዘይት የሚሠሩ ፍሬኖች፣ ከፊት ለፊቷ ደግሞ ሞተር ብስክሌት የሚያስመስላት አሞርዛተር አላት። አከራዩ አሞርዛተሩን በልኬ ሊነፋው ክብደቴን ጠየቀኝ። ሱቁ ውስጥ ሰው ሞልቷል፣ የአክስቴ ልጅም ቆሟል። የነገርኩትን ቁጥር ሰምቶ ቀና ብሎ አየኝና፣ ምንም ሳይናገር፣ ከተናገርኩት በላይ ነፋው።

አልካላን በጠዋቱ በቅጡ አላየናትም፤ ገና አልተጠማንማ! ያለፍነው ግን ቀላል ነገር አይደለም። የ«ዶን ኪሆቴ» ደራሲ ሚጌል ዴ ሰርቫንቴስ ክርስትና የተነሣው እዚህ ነው፤ ኦክቶበር 9 ቀን 1547 (በዚህ ጽሑፍ ዓመቱን ሁሉ የምቆጥረው በፈረንጆቹ ነው)። የትውልድ ቤቱ ተብሎ ሙዚየም በሆነው ቤት ደጃፍ ዶን ኪሆቴና ሳንቾ ፓንሳ በነሐስ ተሠርተው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቱሪስት መሀላቸው እየገባ ፎቶ ይነሣል። ዩኒቨርሲቲውን በ1499 የመሠረቱት ካርዲናል ሲስኔሮስ ናቸው። ከ1514 እስከ 1517 ባለው ጊዜም መጽሐፍ ቅዱስን በዕብራይስጥ፣ በአራማይክ፣ በግሪክና በላቲን ጎን ለጎን ደርድረው እዚሁ አሳትመዋል። የኛ የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት ሮም ላይ በ1513 ታትሞ እንደ ቀደማቸው ለአክስቴ ልጅ ማስረዳት ስጀምር፣ «ጋሼ፣ ዳገቱ እየመጣ ነው፤ ትንፋሽህን ቆጥብ» አለኝ።

በየማማው ጫፍ ሽመላ ጎጆዋን ጎዝጉዛለች። የስፔን ሽመላዎች ድሮ ብርዱ ሲመጣ ሰሐራን ተሻግረው አፍሪካ ይከርሙ ነበር። አሁን ብዙዎቹ እዚያው ቀርተዋል፤ ምክንያቱ የከተማ ቆሻሻ መጣያ ነው። ዓመቱን ሙሉ የማይነጥፍ ማዕድ ደጃፍ ላይ ተዘርግቶ በረሃ ማቋረጥ ምን አመጣው? እነሱ ወደ አፍሪካ መሻገር ሲተዉ እኛ በተቃራኒው አቅጣጫ መሻገሩን ተያያዝነው። ይህን እንኳ ለአክስቴ ልጅ አልነገርኩትም።

ከከተማው እስኪወጡ ድረስ ያለው አስፋልት ነው። በስፔን ሕግ መኪና ብስክሌትን ሲቀድም ቢያንስ 1.5 ሜትር መራቅ አለበት። መጀመሪያ ላይ ከኋላዬ ሳያልፈኝ የሚያዘግም መኪና ስሰማ የሚከተለኝ ሰው አለ ብዬ ሠጋሁ። ለካ ቦታ እስኪያገኝ እየጠበቀ ነው። የኛ ሚኒባስ 1.5 ሜትር ክፍተት ካገኘ ወያላው ሁለት ሰው ይጭንበታል።

ከአስፋልቱ ወጥተው ከሚገቡባቸው የአቧራ መንገዶች ብዙዎቹ የከብት መንገዶች ናቸው። የካስቲያው ንጉሥ አልፎንሶ 10ኛ በ1273 ለበግ አርቢዎቹ ማኅበር፣ ለሜስታ፣ መብት ከሰጡ ጀምሮ መንጋ ከደጋ ቆላ፣ ከቆላ ደጋ የሚነዳበት መንገድ የተከበረ ነው። ትላልቆቹ 75 ሜትር ያህል ስፋት ነበራቸው። በ1995 የወጣው ሕግም የሕዝብ ሀብት ናቸው፣ አይሸጡም፣ አይታጠሩም ብሎ አጽንቷቸዋል። ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ተፈቅዷል፤ ቅድሚያው ግን የመንጋው ነው። ማድሪድ ከተማ መሀል ሳይቀር ከ1994 ጀምሮ በየዓመቱ በመጸው በጎች በአደባባዩ ይነዳሉ፤ እረኞቹም በጥንቱ ውል መሠረት ለሺህ በግ 50 የጥንት ማራቬዲ ሳንቲም ለከተማው ሹም ይከፍላሉ። እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት በአክብሮት ነው። ሆኖም የስፔን ሰው በሕግ፣ በበዓልና በከንቲባ ፊት ያገኘውን የበግ ቅድሚያ የኛ በግ ቄራ መንገድ ላይ ያለ አንዳች አዋጅ ያገኘዋል።

የመጀመሪያው እውነተኛ ዳገት የሚያደርሰው ኮርፓ ነው። ኮርፓ ትንሽ መንደር ናት። ቤተ ክርስቲያኗን አይቻታለሁ፤ ስለ እሷ የምለው የለኝም። ውኃዋን ግን ልናገር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የስፔን ቤተ መንግሥት የሚጠጣው ውኃ ከዚህ ይጋዝ ነበር፤ 40 ምናምን ኪሎ ሜትር ተጉዞ ማድሪድ ንጉሡ ማዕድ ላይ ይቀርባል። ያኔ ንጉሥ ውኃ ይመጣለታል፤ ዛሬ ብስክሌተኛ ወደ ውኃው ይሄዳል። ከንጉሡ የምበልጠው በዚህ ነው፦ እሱ ዳገቱን አልወጣም፤ ስለዚህ የኮርፓን ውኃ ጣዕም አያውቀውም።

በየመንደሩ እንዲህ ነው። አደባባይ ላይ ወይም መንደሩ ዳር ከድንጋይ የተሠራ ቦኖ አለ፤ ቱቦው ቀን ከሌት ሲፈስ፣ ከሥሩ ያለው ረጅም ገንዳ ድሮ ለበቅሎ ነበር፣ አሁን ለብስክሌተኛ ራስ ነው። ከአንዳንዱ ቦኖ በላይ አንድ ታፔላ ተሰቅሏል፤ «ያልታከመ ውኃ» ይላል። እኔ ታፔላ የማምን ሰው ነኝና ኮዳዬን ይዤ ቆምኩ። አጠገቤ አግዳሚ ላይ አንድ አዛውንት ከዘራቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«አባት፣ ይህ ውኃ ይጠጣል?»

«አዎ፣ ልጄ።»

«ታፔላው አልታከመም ይላል።»

«ምን ሆኖ ይታከማል? አልታመመም።»

«ማለቴ ችግር አያመጣም ወይ?»

ታፔላውን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳዩት ሁሉ አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩት። «እኔ ከዚህ ስጠጣ ነው ያረጀሁት። እሱን የሰቀለው ልጅ ጡረታ ወጥቷል፤ እሱም ከዚህ ነው የሚጠጣ።»

ጠጣሁ። ይህን ክርክር የኛ አገር ሰው አያጣውም። ጸበል አጠገብ «ያልታከመ ውኃ» ብሎ ታፔላ የሚሰቅል ሹም ቢነሣ፣ ታፔላው ሳይደርቅ ውኃ የሚቀዳበት ጄሪካን ይንጠለጠልበታል።

ኑዌቮ ባስታን አንድ ሰው ያሰባት ከተማ ናት። ኹዋን ዴ ጎዬኔቼ የሚባሉ የናቫራ ተወላጅ፣ የንጉሥ ገንዘብ የሚያንቀሳቅሱ ባለጸጋ፣ በ1709 አንድም ሰው ባልነበረበት ጫካ ላይ ከተማ ላቁም ብለው ተነሡ። ዕቅዱን የነደፈላቸው የባሮክ ዘመን ስመ ጥሩ አርክቴክት ሆሴ ቤኒቶ ዴ ቹሪጌራ ነው። ቤተ መንግሥት መሳይ መኖሪያ፣ ከጎኑ ቤተ ክርስቲያን፣ ከኋላ የበዓል አደባባይ፣ ዙሪያውን ለሠራተኛ ተመሳሳይ ቤቶች። ጨርቅ፣ ባርኔጣ፣ ቆዳ፣ ኋላም ብርጭቆ ይመረትባት ነበር። የዛሬዎቹ ኢንዱስትሪ ፓርኮች 300 ዓመት ዘግይተው የመጡ ናቸው ማለት ይቻላል። የብርጭቆው ሥራ ግን ምድጃው እንጨት ይበላል፣ እንጨቱ ደግሞ በየቀኑ አይበቅልም፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ማገዶ አለቀና ሥራው ወደ ሌላ ቦታ ተሰደደ። ፋብሪካዎቹ አልፈዋል፤ ቤተ ክርስቲያኑና ትልቁ ቤት ቆመዋል፤ ለጎብኚ የሚተርፈው ሁልጊዜ ያልሠራው ክፍል ነው።

ምሳ የበላነው ከቤተ መንግሥቱ ማዶ ባለች ቡና ቤት ነው። ቀኑ ዓርብ ነበር። የአክስቴ ልጅ ፆመኛ ነው፤ እኔም ዘመድ ፊት ፆመኛ ነኝ። አሳላፊዋን ሥጋ የሌለበት ምን አለሽ አልናት። የአትክልት ሳንድዊች አለ አለች፣ ደስ እያላት። መጣ። ሰላጣ አለው፣ ቲማቲም አለው፤ እንቁላል አለው፣ ቱና አለው፣ ማዮኔዝ አለው። በስፔን የአትክልት ሳንድዊች ማለት አትክልትም የተጋበዘበት ሳንድዊች ነው። መለስንላት። ቅር ሳይላት አሰበችና ምስር አለ አለችን። ምስር! ከአገር ከወጣ ሰው ፊት ይህን ስም መጥራት ግፍ ነው። ሳህኑ ሲመጣ ሽታው ያውዳል፣ ቀለሙም ቀልቷል፤ ማንኪያዬን ሳስገባ ከሥር የአሳማ ቋሊማ ብቅ አለ። «ይህ ሥጋ ነው» አላት የአክስቴ ልጅ። «አይደለም፤ ማጣፈጫ ነው» አለችው፤ ከልቧ ነው። በመጨረሻ የተረፍነው በዳቦ ነው፤ ቲማቲም ተፈጭቶበት፣ የወይራ ዘይት ፈሶበት፣ ጨው ተነስንሶበት። በፆም ወራት ስፔን ለምትሄዱ ሁሉ የምመክረው ይህንኑ ነው፤ ማንም ሊያጣፍጠው አይሞክርም።

አጠገባችን ብስክሌታቸውን ግድግዳ ላይ ያስደገፉ ጡረተኞች ነበሩ። የስፔን ጡረተኛ በሥራ ቀን የተጣበቀ ልብስ ለብሶ፣ ባትሪ ያላት ብስክሌት ይዞ፣ ከአንዱ ቡና ቤት ወደ ሌላው ይጋልባል፤ መሀል ላይ ያለችውን 20 ኪሎ ሜትር ስፖርት ይላታል። ከየት ናችሁ ተባልን። ከኢትዮጵያ። ጠረጴዛው ሁሉ ሞቀ፤ «አበበ ቢቂላ!» «ኃይሌ!» ያልተጠራ የለም። አንደኛው ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ እናንተማ ዳገት አታውቁም አለኝ። ያን ጊዜ ነው የአበበ ቢቂላ ውለታ ስንት እንደሚያስከፍል የገባኝ። የሌላ አገር ዜጋ ዳገት ላይ ወርዶ ብስክሌቱን ቢገፋ ደክሞት ነው። ኢትዮጵያዊ ከገፋ የአገር ገጽታ ጉዳይ ይሆናል። ከቡና ቤቱ ስንወጣ ጡረተኞቹ መስኮት ላይ ነበሩ፤ እስኪሰወሩኝ ድረስ ቆሜ ነዳሁ።

ከኑዌቮ ባስታን በኋላ መንገዱ ወደ ሸለቆ ይወርዳል፤ ከታች ነጭ ግድግዳ ያላቸው ቤቶች ተጠጋግተው ይታያሉ። ኦልሜዳ ዴ ላስ ፉዌንቴስ ናት። ጥቂት መቶ ሰው የሚኖርባት፣ ሠዓሊዎች ከከተማ ሸሽተው ቤት የገዙባት መንደር ናት። ዳገቱን ችሎ እስከዚህ የመጣ ኢትዮጵያዊ ግን ለሥዕል አይደለም የመጣው። ፔድሮ ፓኤዝ በ1564 የተወለደው እዚህ ነው።

የኛ አንባቢ ፓኤዝን የሚያውቀው ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ነው፤ ንጉሡን ወደ ካቶሊክ እምነት የሳበ የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስንት ደም ፈሶ፣ በ1632 ንጉሡ ለልጃቸው ለፋሲለደስ ዙፋኑን ለቀው ነገሩ በረደ። ፓኤዝ ግን ያን ሁሉ ሳያይ በ1622 ጎርጎራ ላይ ሞቷል። እኔን ያሳሰበኝ ከዚያ በፊት ያለው የጉዞ ታሪኩ ነው። ጎዋ ድረስ በመርከብ ሄደ። ከዚያ በ1589 ወደ ኢትዮጵያ ሊመጣ ተነሥቶ በዐረብ ባሕር ዳርቻ ተማረከ፤ በሐድራሞት በረሃ በእግሩ ተነዳ፤ የመን ውስጥ ሰባት ዓመት ያህል ታስሮ፣ መርከብ ቀዝፎ፣ ተዋጅቶ ወጣ። እግረ መንገዱን ቡና ቀምሷል፤ ስለ ቡና ከጻፉት የመጀመሪያዎቹ አውሮፓውያን አንዱ ነው። ይህን ሁሉ አይቶ ጎዋ ከተመለሰ በኋላ ሰው ቢሆን ይተወዋል። እሱ እንደገና ሞክሮ በ1603 ምጽዋ ገባ፤ አማርኛና ግዕዝ ተማረ። ለሱ ደረጃ የሚያወጡለት ሰዎች ቢኖሩ የኛን መንገድ ምን ብለው ይመድቡት እንደነበር አላውቅም።

ኤፕሪል 21 ቀን 1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሰከላ ወርዶ ግሽ ዓባይን አየ፤ የጥንት ነገሥታት ሊያዩት ተመኝተው ያላገኙትን በማየቱ ደስ እንዳለው በጻፈው የኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ አስፍሯል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እዚያው ደርሶ የመጀመሪያው እኔ ነኝ አለ፤ ፓኤዝም አላየውም ብሎ ተከራከረ። አውሮፓውያን ማን ቀድሞ አየ ብለው ሲከራከሩ የሰከላ ሰው ምንጩ ዳር ቆሞ ጸበሉን ይቀዳ ነበር። አላየሁትም ያለ አንድም ሰው ስላልነበረ አየሁ ብሎ የጻፈም አልነበረም።

ከሁሉ የገረመኝ የመንደሯ ስም ነው። «ዴ ላስ ፉዌንቴስ» የምንጮች ማለት ነው። የዓባይን ምንጭ ያየው ሰው ከምንጮች መንደር ወጣ ብዬ ለመመሰጥ ሳኮበኩብ የአክስቴ ልጅ ከስልኩ አነበበልኝ። ፓኤዝ ሲወለድ መንደሯ ኦልሜዳ ዴ ላ ሴቦያ ነበር የምትባለው፤ የሽንኩርት። ስሟን የቀየረችው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ልጇ ግሽ ዓባይን ካየ ከ300 ዓመት በላይ ቆይታ። ሽንኩርቱን ጥላ ምንጩን ያነሣች መንደር ውኃዋ እንዴት ነው ትሉኝ ይሆናል። ቀዝቃዛ ነው፣ ጠንከር ያለ ነው፣ ምድሩ ኖራ ስለሆነ ጣዕሙ ምላስ ላይ ይቆያል። ቦኖው አጠገብ ጥላ አለ፣ ጥላው ሥር ድንጋይ አለ። ተቀመጥን፤ የአክስቴ ልጅ ሰዓት ልቡ ቆሟል ብላ እስክትሠጋ ድረስ።

ወደ ፔስዌላ የሚያወጣው ዳገት ስለሱ የሚጻፍለት አይደለም። ከላይ ሜዳ ነው፤ ስንዴ፣ ወይራ፣ ነፋስ። እዚያ ላይ ኩርንችት አገኘን። አዎ፣ ያው የኛው ኩርንችት፣ በባዶ እግራችን የረገጥነው። ስፔኖች ሌላ ስም አላቸው፤ እሾሁ ግን ዘመድ ነው። በኔ ዘመን ኩርንችት ማለት ጎሚስታ ፍለጋ ሳይክል እየገፉ መሄድ ነበር፤ ከመነዳሪው ተስቦ ወጥቶ፣ ውኃ ውስጥ ተነክሮ፣ አረፋው ታይቶ፣ ተሞርዶ፣ ተለጥፎ። ይህቺ ብስክሌት ከመነዳሪም የላትም። ጎማው ውስጥ ወተት የሚመስል ፈሳሽ አለ፤ ቀዳዳ ሲያገኝ ራሱ ሄዶ ይደፍነዋል። ፊሽ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ነጭ ጠብታ ታየ፣ አለቀ። ለመቀመጥ የተዘጋጀሁበት ረጅም ምክንያት በሦስት ሰከንድ ተነጠቀብኝ።

ሳንቶርካስ ላይ ያለው የድንጋይ ግንብ የቶሌዶ ሊቃነ ጳጳሳት እስር ቤት ነበር፤ የሚያስሩትም በአብዛኛው የራሳቸውን ካህናት ነው። በ1580 ደግሞ በአንድ ዓይኗ ላይ ጥቁር መሸፈኛ የምታደርገውን የኤቦሊን ልዕልት ንጉሡ ፊሊፔ 2ኛ እዚህ አሰሯት። ከሷ በፊት የታሰረው ሰው ግን ይበልጥ ይገርማል፤ ጠዋት ያለፍነውን ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት ሲስኔሮስ ናቸው። ካርዲናል ከመሆናቸው ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ የቤተ ክርስቲያን ሹመት ይገባኛል ብለው ከሊቀ ጳጳሱ ከካሪዮ ጋር ተካረሩ፤ ሹመቱን ልቀቅና ልፈታህ ቢባሉ እምቢ ብለው ዓመታት ታሰሩ። ኋላ ራሳቸው የቶሌዶ ሊቀ ጳጳስ ሆነው በዚያው ወንበር ተቀመጡ። ዩኒቨርሲቲ የሚመሠርት ሰው እንዲህ ያለ ግትር ካልሆነ ግንበኛው ነው የሚያሸንፈው። የሳንቶርካስን ቦኖ በተመለከተ፦ ፀሐይ ላይ ነው።

ከሎስ ሳንቶስ ዴ ላ ኡሞሳ የኤናሬስ ሸለቆ በሙሉ ከእግር በታች ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ቁልቁለት ነው። እዚህ ላይ ስፔናዊውን ብስክሌተኛ ፌዴሪኮ ባሃሞንቴስን አነሣለሁ። ቱር ደ ፍራንስን በ1959 ያሸነፈ የመጀመሪያው ስፔናዊ እሱ ነው፤ ዳገት ላይ የሚደርስበት አልነበረም፤ ቁልቁለት ግን ይፈራ ነበር። በ1954ቱ ውድድር ተራራውን ከሁሉ ቀድሞ ወጥቶ፣ አናቱ ላይ ወርዶ፣ አይስክሬም ገዝቶ እየላሰ ሌሎቹን ጠበቀ። ኋላ ሲጠየቅ የቸርኬዬ ሽቦ ተሰብሮ መኪናችንን እየጠበቅሁ ነበር ብሏል። እኔ የባሃሞንቴስን ግማሽ ተምሬያለሁ፤ ሁለተኛውን ግማሽ። ሁለቱንም ፍሬን ይዤ፣ አይስክሬም ሳይኖረኝ፣ በክብር ወረድኩ። የአክስቴ ልጅ ታች ሲጠብቀኝ ሰዓቱን አላየም፤ የመጣው ዘመድ አክባሪ ቤት ነው።

አልካላ ስንገባ በመጨረሻ ተጠምተን ስለ ነበር ከተማዋ በሙሉ ታየችን። በዓምዶች የተደገፈው ካዬ ማዮር፣ በ1553 የተጠናቀቀው የዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት፣ በየዓመቱ ኤፕሪል 23 የሰርቫንቴስ ሽልማት የሚሰጥበት አዳራሽ፣ ሁሉም ድንገት አማረ። አልካላ ላይ አንድ መጠጥ ያዘዘ ሰው አብሮት ምግብ በነፃ ይቀርብለታል፤ ይህ በመላው ስፔን ያለ ደንብ አይደለም። ዓርብ ስለሆነ የኛን ለጎረቤት ጠረጴዛ አሳለፍነው። የሳን ዲዬጎ ገዳም መነኮሳይያት የሚሠሩትን በስኳር የተቆላ ለውዝ ግን ገዛን፤ ፆም ነው። ፊታቸው አይታይም። ግድግዳው ውስጥ የሚሽከረከር የእንጨት መደርደሪያ አለ፤ ገንዘቡን ያስቀምጡበታል፣ ይዞራል፣ ለውዙ ይመጣል። ከቀኑ ጉዞ ሁሉ ሳልገፋው የዞረልኝ እሱ ብቻ ነው።

ፍርዴን ልስጥ። በውኃ ኮርፓ አንደኛ፣ ኦልሜዳ ሁለተኛ። በጥላና በድንጋይ ኦልሜዳ ወደር የላትም። ኑዌቮ ባስታን ለዓይን ነው፤ ለሆድ፣ በፆም ቀን ከሆነ፣ ዳቦ ብቻ። በሐምሌና በነሐሴ አትሞክሩት፤ የአገሩ ሰው ራሱ ከሰዓት በኋላ መስኮቱን ዘግቶ ይተኛል። ዝናብ በዘነበ ማግስትም ተዉት፤ ነጩ ጭቃ ጎማውን ይዞ አይለቅም። ጥቅምት ደኅና ነው። ከኦልሜዳ ስትነሡ ሁለት ኮዳ ሙሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሜዳ ጥላ የለውም።